በርበሬ ያልነካው ሥጋ

ባለፈው ሳምንት ሱሉልታ ሄጄ ነበር። ታክሲው ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ብርዱ በመስኮቱ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ፤ እንደ ድሮው። ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሥጋ ቤት ገብቼ ግማሽ ኪሎ ለጥብስ አልኩት። ቆራጩ የተሰቀለውን ሥጋ በእጁ አዞረና፣

«ሻኛ ልጨምርልሽ?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ ቢላዋውን አስገባ። ሽታው ወጣ። እርጥብ ሣር የሚሸት፣ ብረትም የሚሸት፣ ሙቀቱ ገና ያልለቀቀው። እጄ ሳላዘው አፌን ሸፈነ።

«ሻኛውን ተወው» አልኩት።

«ሰው እየተጣላ የሚወስደውን?» አለና ሳቀብኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሲያስመርራቸው እናትና አባቴ እኔን ይዘው ሱሉልታ ወጡ፤ ከኦቦ ቱፋ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራየን። ኦቦ ቱፋ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከቤቱ ጀርባ የሚጀምረው ሜዳ ድሮ የእሳቸው ነበር፤ እኛ ስንመጣ ግማሹ በግንብ አጥር ታጥሯል። የቀረላቸውን ሌላ መሬት፣ ከወንዙ ማዶ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬደውን፣ ልጃቸው ገመቹ ያርሰው ነበር። እሳቸው ማረስ ያቆሙት ዓይናቸውን ሞራ ስለሸፈነው ነው። እኔ ይህን ስሰማ እናቴ ከሥጋው ላይ እየላጠች ለድመት የምትጥለው ያ ነጭ ሞራ መሰለኝ። ብዙ ሥጋ የበላ ሰው መጨረሻው እንደዚህ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ጮማ አልነካም ነበር።

እኛ ቤት የራት ነገር የየቀኑ ክርክር ነበር። አባቴ ጥብስ ይወዳል፤ ደረቅ፣ ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ያለበት። እናቴ ምንቸት አብሽ ትወዳለች፤ ትንሽ ሥጋ ብዙ ሰው የሚያጠግብበት ዘዴ ስለሆነ ይመስለኛል። እኔ የአጥንት ቅቅል ነበር ነፍሴ፤ መረቁን በእንጀራ እየጠቀስኩ፣ ሥጋውን ለሌላ እያሳለፍኩ። ኦቦ ቱፋ ከእኛ ጋር ስለሚበሉ አራተኛ ሐሳብ ነበራቸው። ሥጋ በጨው ብቻ። ጥሬውን፣ ካልሆነም ፍም ላይ አንዴ ብቻ የተገላበጠ። የጥብሱን ቅጠል ሲሸታቸው «ቅጠል ለፍየል ስጡ» ይሉ ነበር። የእናቴን ወጥ ደግሞ አንድ ቀን በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን እየታጠቡ፣

«ልጄ፣ ሥጋን እንዲህ በበርበሬ የምታሰጥም ሴት የምትደብቀው ነገር አላት» አሏት።

«የምደብቀውማ የሥጋውን ማነስ ነው፣ ኦቦ ቱፋ» አለች እናቴ። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

ሥጋ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሥጋ ቤቱ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ተቀብዬ በፌስታል አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። ግን በቀጥታ ወደ ኩሽና አልገባም። ኦቦ ቱፋ የግቢው በር አጠገብ ካለው ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ከሥጋው አንድ ቁራጭ በጥርሴ ቀድጄ አስቀምጥላቸዋለሁ። ያኝካሉ። ማኘካቸው የሚያዳምጥ ሰው ማኘክ ነበር፤ አንገታቸውን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው፣ ሰው በጆሯቸው እንደሚያንሾካሹክላቸው።

መጀመሪያ ጊዜ «ይሄ የረግረግ ዳር ሣር የበላ ነው» አሉ። «ብዙ ተኝቷል። እግሩን ያመው ነበር።» አባቴ ሰምቶ ሳቀ፤ በነጋታው ግን ሥጋ ቤቱን በጨዋታ ጠየቀው። ቆራጩ በሬው ከረግረጉ ዳር የተገዛ፣ ትንሽ የሚያነክስ እንደነበር ነገረው። ከዚያ ወዲያ አባቴ አልሳቀም። ሌላ ቀን ደግሞ አኝከው አኝከው ፊታቸው ኮምጣጣ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ተጨማደደና ምራቃቸውን ዋጡ።

«ይሄ ፈርቶ ነው የሞተው።»

«በምን ያውቃሉ፣ አባባ?»

«የፈራ ከብት ሥጋው ይኮመጥጣል። ፍርሃቱ እንደ ውሃ ነው፣ መውጫ ሲያጣ ሥጋው ውስጥ ይተኛል።»

ያን ቀን ራት አልበላሁም። ሥጋ የሚናገር ነገር እንደሆነ፣ እኛ ስለማናዳምጥ ብቻ ዝም ብሎ ሆዳችን ውስጥ እንደሚያወራ አመንኩ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ሆዴ ሲጮህ ሰማሁት፤ ማን እንደሆነ ጠየቅኩት።

ገመቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ረዥም ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው፤ በጀሪካን ወተት ይዞ። እሱም እንደ አባቱ ሥጋ በጨው ነው የሚበላው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያኝኩ አንገታቸው ወደ አንድ ጎን አንድ ላይ ያዘነብል ነበር። እናቴን «እህቴ፣ በርበሬሽ ጎረቤት ያስነጥሳል» ይላታል። እኔን ደግሞ «አዲስ አበቤዋ፣ ሥጋ ከዛፍ የሚለቀም ይመስላት ነበር» እያለ ያበሽቀኛል። ስለ በሬዎቹ ሲያወራ ግን ቀልድ የለም። ሁለት ናቸው፤ ቡሬና ዳለቻ። ቡሬ ሰነፍ ነው። ዳለቻ፣ ግራጫው፣ ጥጃ ሆኖ ነው እጁ ላይ ያደገው። ገመቹ ገና ጎረምሳ ሳለ ራሱ በጠረበው ቀንበር ሲያርስበት ቀንበሩ ሻኛውን በግራ በኩል ልጦት ነበር። ኦቦ ቱፋ ያኔ ዓይናቸው ያያል፤ ቁስሉን በቅቤ እያሹ ክረምቱን ሙሉ አስታመሙት። ዳነ፤ ቋጠሮ ሆኖ ቀረ። «እስካሁን በዳበስኩት ቁጥር ይወቅሰኛል» ይል ነበር ገመቹ።

በጥቅምት መጨረሻ የትልልቆቹ ወሬ ተለወጠ። ራት ላይ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል። ማስተር ፕላን፣ የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። አባቴ ዝም በይ አለኝ። ኦቦ ቱፋ ግን ሥጋ ያለበትን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ በጣታቸው እየዳበሱ ቁራጮቹን አሰለፉልኝ።

«ይሄ በሬ ነው እንበል። ሽንጡ ሰበታ ነው። ጎድኑ ቡራዩ። ሻኛው እኛ ነን፣ ከላይ በኩል። ቅርጫ አይተሻል አይደል? በሬው ይታረዳል፣ ከዚያ መደብ መደብ ይደረጋል፣ ከዚያ ዕጣ። ይሄኛው ግን ገና ቆሞ፣ ሣር እየበላ፣ ወረቀት ላይ ተመደበ።»

«በሬው ያውቃል?» አልኩ።

ገመቹ ነው የመለሰልኝ። «አሁን ሰማ» አለ።

እኔ ያን ነገር እንዳለ ወሰድኩት። የቆምንበት መሬት በሬ ነው። ሱሉልታን ለሚያውቅ ይህ ያን ያህል የልጅ ቅዠት አይደለም፤ ሜዳው ክረምት የጠጣውን ውሃ ሳይጨርስ፣ ሣሩ ላይ ስትራመድ ዝንብ እንዳረፈበት ቆዳ ይንቀጠቀጣል። ጠዋት ጠዋት ከቤቱ ጀርባ እሄድና ሜዳው ላይ ተኝቼ ጆሮዬን እለጥፋለሁ። ይሰማል። ከሩቅ፣ ከሥር፣ ጎርነን ያለ፣ የማያቋርጥ ነገር። አሁን ሳስበው በጎጃም መንገድ የሚያልፉት ከባድ መኪናዎች ነበሩ። ያኔ ግን ትንፋሽ ነበር። እየፈጠነ የሚሄድ ትንፋሽ።

ኅዳር ሲገባ ሯጮቹ ጠፉ። ሁልጊዜ ገና ጎህ ሲቀድ በቱታ ተሰልፈው በአስፋልቱ ዳር ሲሮጡ እናያቸው ነበር፤ አንድ ቀን የሉም። መንገዱ ባዶውን ተዘርግቶ ጉም ይበላዋል። ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከጫንቾ በኩል ጭስ ይታያል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ይመጣል፣ እኔ ግን የተጠበሰ ሰኮና ሽታ ነው የምለው። አባቴ ሁለት ጊዜ ከእንጦጦ ማዶ መኪና አጥቶ አደረ። የገና ጾም ስለገባ ሥጋ ቤቱ መዘጋቱ ያለ ነው፤ ዘንድሮ ግን ባለቤቱም አካባቢውን ጥሎ ሄዷል። በቆርቆሮው በር ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። ሥጋ መስቀያው ብረት ብቻውን ይወዛወዛል። ነፋስ አልነበረም።

ሽሮ በላን፣ ምስር በላን፣ ሽሮ በላን። ክርክሩ ቀረ። የሚመረጥ ነገር ሲጠፋ ሰው ራት ላይ እንዴት ዝም እንደሚል ያየሁት ያኔ ነው።

ገመቹ ሁለት ቅዳሜ ቀረ። በሁለተኛው ሰኞ ሚስቱ አያንቱ መጣች፤ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ። በኋላ በር ገብታ ኩሽና ውስጥ ከእናቴ ጋር ተቀመጠች። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። ንጋት ላይ ገመቹን የሚወስድ መኪና መጣ አለች። ጫማውን እንኳ አላስደረጉትም። ወዴት እንደወሰዱት የጠየቀችው ሁሉ ወደ ሌላ ይልካታል። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባቱ እንዳይሰሙ፣ ልባቸው አይችለውም አለች። እውነቷን ነበር፤ በክረምቱ ልባቸው ታሞ ጤና ጣቢያ ተኝተው፣ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛቸው ብሎ ነበር።

አያንቱ እንደሄደች እናቴ በሩን ገፋ አድርጋ አገኘችኝ። አልተቆጣችም፤ ይህ ይበልጥ አስፈራኝ። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አስያዘችኝ።

«ማርታ፣ ለአባባ ቱፋ ቃል አይወጣሽም። ካወቁ ይሞታሉ። ገባሽ?»

ገባኝ። ከገባኝም በላይ ገባኝ። የሰውዬው ሕይወት አፌ ውስጥ እንዳለ፣ ብከፍተው እንደሚወድቅ።

እሳቸው ግን ገመቹ ውቂያ ላይ ነው ተባሉ። ሊታመን የሚችል ነበር፤ ጊዜው የውቂያ ነው፣ ገብሱ ታጭዶ በሬዎቹ አውድማ ላይ የሚዞሩበት። ኦቦ ቱፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው፣ ውቂያ ነው» አሉ። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋያቸው ላይ ከመቀመጥ አልቀሩም። እኔ ደግሞ በአጠገባቸው ሳልፍ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። አያዩኝም፤ እሱ ነበር የሚያስጨንቀኝ፣ ሳያዩ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ገና ደረሰ። የሰፈሩ ቅርጫ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ በሬ ፍለጋ ያልሄደበት የለም፤ መንገድ ዝግ ስለሆነ ከጎጃም መስመር ከብት አልወረደም፣ ገበያው ባዶ ነው። በዋዜማው ግን አንድ ግራጫ በሬ እየጎተተ መጣ፤ ከአጥራችን ማዶ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ አሰረው። ሄጄ አየሁት። ሌሎቹ የማውቃቸው የበዓል በሬዎች ሣር ያያሉ፣ ውሃ ያያሉ። ይሄኛው ፊቱን ወደ እኛ ግቢ አዙሮ ቆመ። ሣር ጣልኩለት፤ አልቀመሰም። በሌላ በኩል ዞሬ ጠራሁት፤ አልዞረም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ አጥሩን እያየ ቆመ፤ አንድ ጊዜም አልጮኸ።

ኦቦ ቱፋ ያን ምሽት ወደ ክፍላቸው ሲገቡ የበሩ ደፍ ላይ ቆም አሉ።

«ከብት ሸተተኝ።»

«በዓል ነው እኮ፣ ኦቦ ቱፋ» አለች እናቴ። «ሰፈሩ ሁሉ ከብት ይሸታል።»

«የማውቀው ሽታ ነው» አሉ። እናትና አባቴ ከዚያ በኋላ በሹክሹክታ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ አባቴ ከቅርጫው እንውጣ ይላል፣ እናቴ ከወጣን ይጠረጥራሉ ትላለች። ስለ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሥጋው በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ተደርጎ ጠበቀን። ዕጣ የምትጥል ልጅ እኔ ሆንኩ። ባለድርሻዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ሰጡኝ፤ ቁልፍ፣ ሸማኔ የጣለው የሚመስል ክር፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ የሸሚዝ ቁልፍ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንድ ጊዜ ዞሬ፣ በየመደቡ ላይ ጣልኩ። የአባቴ የቤት ቁልፍ ያረፈበት መደብ ላይ ከሻኛው የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ ነበረበት፤ ከግራ በኩል። ደስ አለኝ። ለማን እንደሚሆን አውቄ ነበር።

ቤት ስንገባ ግን እናቴ፣ «ለአባባ ቱፋ ዛሬ ጥሬ እንዳትሰጪ። ወጥ ነው የሚበሉት» አለችኝ።

«ወጥ አይወዱም እኮ።»

«ሆዳቸውን አሟቸዋል። አትስጪ አልኩሽ።»

ከዚያ ሽንኩርቱ ላይ በርበሬውን በትልቁ ማንኪያ ጨመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቆም ብላ አሰበችና አራተኛ። አብሽ ጨመረች፣ ኮረሪማ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቅመም ሁሉ። ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ። በዓመት በዓል፣ አርባ ሦስት ቀን ጾመው፣ ልጃቸው ቀርቶባቸው፣ አሁን ደግሞ የሚጠሉትን ሊያበሏቸው ነው። እንደ ክፋት አየሁት። እናቴ ሽንኩርት ለመድገም ዞር ስትል ከሻኛው አንድ ቁራጭ ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ፣ መዳፌ ውስጥ ደብቄ ወጣሁ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ ከድንጋዩ ላይ። «እግርሽ ሲሮጥ ሰማሁ። እኔማ ዘንድሮ የረሱኝ መስሎኝ ነበር።»

መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ወደ አፋቸው ወሰዱት። አንገታቸው ዘንበል አለ። ማኘክ ጀመሩ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ቆሙ።

መንጋጋቸው ብቻ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሁለመናቸው ቆመ። ነፋሱ የጋቢያቸውን ጫፍ ያወዛውዛል፣ እሳቸው ግን የሉም። ፊታቸው እንደዚያን ጊዜው ተጨማደደ፣ ኮምጣጣ እንደነከሰ ሰው። በሁለት ጣታቸው ሥጋውን ከአፋቸው አወጡና በአውራ ጣታቸው ይጫኑት ጀመር። አንድ ቦታ ላይ አውራ ጣታቸው ቀረ። ደግሞ ተጫነ። እኔም አየሁት፤ በጮማው መሐል ጠጠር የምታህል፣ ነጭ፣ የማትበጠስ ቋጠሮ።

«ዳለቻ» አሉ። ለእኔ አልነበረም፤ ሰው በር ላይ ቆሞ የመጣውን ሰው በስሙ እንደሚጠራ ነበር።

ያኔ የትናንቱ በሬ ለምን ወደ ግቢያችን ያይ እንደነበር ገባኝ። ኦቦ ቱፋ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ ነጫጭ ዓይኖቻቸው ከራሴ በላይ የሆነ ቦታ ያያሉ።

«ውቂያው አልቋል?»

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። በጣቶቼ መሐል ነው ያመለጠኝ።

«እንዳልናገር ማተብ ይዣለሁ።»

ይሞታሉ ብዬ ደረታቸውን እያየሁ ነበር፤ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል። የሜዳው ትንፋሽ ይመስላል። ከዚያ እጃቸው በአየር ላይ ፈልጎ ራሴን አገኘው።

«አልተናገርሽም» አሉ። «አንቺ ሥጋ ነው ያመጣሽልኝ። ሌላ ምንም አላመጣሽም።»

ቁራጩን ወደ አፋቸው መለሱት። «ያረሰልኝን አልተፋም» አሉና አኘኩት፤ ከነቋጠሮው። ሲውጡት ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ምሳ ቀረበ። ወጡ ከመቅላቱ የተነሣ ጥቁር ይመስል ነበር። ኦቦ ቱፋ ጎረሱ። እናቴ እስትንፋሷን ይዛ ታያቸዋለች።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ከየት የመጣ በሬ ነው?»

«ከጫንቾ ነው፣ ኦቦ ቱፋ» አለች እናቴ።

«የጫንቾ በሬ ጥሩ ነው» አሉና ሁለተኛ ጎረሱ። የእናቴ ትከሻ ሲረግብ አየሁት። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ክፍል እሳቸው ማወቃቸውን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እሳቸውም ያወቁት ከእኔ እጅ ስለቀመሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ እንግዳ ናቸው። ኦቦ ቱፋ አልሞቱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋያቸው ላይ ይቀመጡና እናቴ ስታልፍ «ውቂያው አላለቀም?» ይላሉ። እናቴ «ዘንድሮ ገብሱ ብዙ ነው አሉ» ትላለች። ጥርም አለፈ፣ የካቲትም፤ ማንም ገበሬ የማይወቃበት ወር መጣ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እሷ ትመልሳለች። ድምፃቸው የለሰለሰ ነው፤ አንዱ ሌላውን እንዳይሰብር ተጠንቅቆ እንቁላል የሚቀባበሉ ይመስላሉ። አያንቱ ዳለቻን የሸጠችበትን ገንዘብ ይዛ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ትዞራለች፤ አልፎ አልፎ በኋላ በር ትገባለች፣ በኋላ በር ትወጣለች። ኦቦ ቱፋ እርምጃዋን ሲሰሙ ሆን ብለው ጮክ ብለው ያስላሉ፤ አልሰማሁም ለማለት።

በመሐሉ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የሚል ወሬ በቴሌቪዥን መጣ። አባቴ ሮጦ ነገራቸው። «ደግ» አሉት። እሱ ሲሄድ ወደ እኔ ዞር ብለው በዝግታ ጠየቁኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ አንቺ ዕጣ ጥለሻል፣ ታውቂያለሽ። ከየመደቡ ብትሰበስቢው ተመልሶ በሬ ይሆናል?»

ከፋሲካ ቀጥሎ በመጣው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሮ ነበር። የግቢው ውሻ አልጮኸም። ኦቦ ቱፋ ግን በሩ ሳይከፈት ከድንጋያቸው ተነሡ። በሩ ተከፈተ፤ አያንቱ፣ ከኋላዋ አንድ ሰው። ጎንበስ ሳይል ገባ። ቁመቱ ያው ነው፤ ትከሻው ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነበር።

ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ዘርግተው ማጅራቱን ያዙ። አላቀፉትም። በአውራ ጣታቸው ከአንገቱ ሥር ይጫኑት ጀመር፤ ቀስ ብለው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። አፍንጫቸውን ወደ ፀጉሩ አስጠጉ።

«ሌላ ሣር በልተሃል» አሉት።

ገመቹ ፈገግ አለ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቹ አልነበሩም። ተቀመጥን። እናቴ የምታደርገው ጠፍቷት ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ገመቹ ሰማዩን አየ፤ የእርሻ ዝናብ ነበር። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ዳለቻን ማን እያበላው ነው?»

አያንቱ መሬት መሬት አየች። የእናቴ ቢላዋ ቆመ።

«እኔ በላሁት» አሉ ኦቦ ቱፋ።

አባቴ አንገቱን ቀና አደረገ። እናቴ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ከዚያ ቀስ ብላ እኔን አየች።

«በገና ዕለት» አሉ ሽማግሌው። «ሻኛውን። የአንተ ቀንበር የላጠውን፣ ግራውን።» ማን እንዳመጣላቸው አልተናገሩም፤ እስከ መጨረሻውም አልተናገሩም።

ገመቹ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ከተተ። የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ቆርቆሮውን መቱት።

«ፈርቶ ነበር?» አለ።

ፊታቸውን አየሁ። በዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደተጨማደደ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። አሁን ለስላሳ ነበር።

«አልፈራም» አሉ።

እናቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ዛሬ የተገዛ ሥጋ አለ፣ ጥሬውን በጨው ላምጣልህ ወይስ ፍም ላይ ላድርገው አለችው። ገመቹ በቀረው ጥርሱ የታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ።

«ወጥ ይሁንልኝ፣ እህቴ» አለ። «በርበሬው ይብዛ።»

ዝናቡ በረታ። እናቴ ድስቱን ጣደች፣ ሽንኩርቱን አቁላላች፣ በርበሬውን በትልቁ ማንኪያ ጨመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሽታው ከኩሽና ወጥቶ ደጃፉን አልፎ ኦቦ ቱፋ ጋ ደረሰ። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ኩሽናው አዞሩ።

«ጨምሪለት» አሉ።